ካሜራው ይቆይ፣ ድምፁ ይቅደም

ጥያቄ፦ «ባለፈው ዓመት በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተመርቄ ደሴ ከቤተሰቦቼ ጋር እኖራለሁ። ምኞቴ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መሆን ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው አብዛኛው ንድፈ ሐሳብ ስለነበር ካሜራ የነካሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አሁን በእጄ ያለው አንድ ስማርት ስልክና ለካሜራ መግዣ ብዬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ካሜራውን ልግዛ ወይስ ሌላ መሣሪያ ይሻለኛል? ከሙያውስ የትኛውን አስቀድሜ ልማር? ከልምድዎ ቢመክሩኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ካሜራውን ለጊዜው አትግዢ። ካሜራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ዜና ክፍሎች ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ፣ ኋላም ጀማሪዎችን ሳሠለጥን ያየሁት ግን የጀማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በምስሉ ጥራት ማነስ አለመሆኑን ነው። ድምፁ አይሰማም፣ ጽሑፉ ለጆሮ አልተጻፈም፣ ወይም መረጃው አልተጣራም። እነዚህን በእጅሽ ባለው ስልክ መለማመድ ትችያለሽ፤ ውድ ካሜራ ደግሞ አንዱንም አያቃናልሽም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አንድ ዘገባ የብዙ እጅ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ዘጋቢው ይጽፋል፣ ካሜራማኑ ይቀርጻል፣ የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ይይዛል፣ ሌላው ቆርጦ ይቀጥላል፣ አርታኢው ያርማል። አንቺ የምትገቢበት ገበያ ግን ይህን ሁሉ ከአንድ ሰው ይጠብቃል፤ በዚያ ላይ ለሬዲዮ የሠራሽውን ዘገባ ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ ቆርጠሽ እንድታዘጋጂ ትጠየቂያለሽ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እማራለሁ የሚል ጀማሪ ሁሉንም በግማሽ ይዞ ስለሚቀር፣ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይኖርብሻል። እኔ ከድምፅ ጀምሪ እላለሁ፤ ለሬዲዮም፣ ለቴሌቪዥንም፣ ለፖድካስትም መሠረቱ እርሱ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ልጃቸው የጠፋባቸውን አንዲት እናት ቤታቸው ሄጄ አነጋግሬ ነበር። የያዝኩት በካሴት የሚቀዳ መቅረጫ ሲሆን፣ ማዳመጫ በጆሮዬ ማድረግ ሰውን ያርቃል ብዬ በቦርሳዬ ውስጥ ትቼዋለሁ። እናቲቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ የልጁን የትምህርት ቤት ደብተር እያገላበጡ አንዳንዱን ገጽ ያነቡልኝ ነበር። ጣቢያ ተመልሼ ካሴቱን ስከፍተው ከኋላቸው የነበረው ፍሪጅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ጆሮ ሰው ሲያናግር የማይፈልገውን ድምፅ ስለሚገፋ፣ እዚያ ተቀምጬ ፍሪጁን ጨርሶ አልሰማሁትም፤ መቅረጫው ግን ምንም አይገፋም። እናቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉበት፣ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ክፍል፣ አንድም ቃል አይለይም ነበር። ያንን ይድገሙልኝ ብዬ ደጃቸው ለመመለስ ኅሊናዬ ስላልፈቀደልኝ ዘገባው ሳይተላለፍ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃለ ምልልስ ከመጀመሬ በፊት ማዳመጫዬን አድርጌ ለአንድ ደቂቃ ክፍሉን ብቻ አዳምጣለሁ፤ ፍሪጅ ካለ ባለቤቱን አስፈቅጄ ከሶኬት እነቅለዋለሁ፣ መልሼ መሰካቱንም እንዳልረሳ የመኪናዬን ቁልፍ ፍሪጁ ላይ አስቀምጣለሁ።

እንግዲህ ከገንዘብሽ ላይ መጀመሪያ የምትገዢው በሽቦ የሚሠራ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎንና ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ይሁን። ማይክሮፎኑን ስትገዢ መሰኪያውን ልብ ብለሽ እዪ፤ ለስልክ የተሠራው ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፣ ለካሜራ የተሠራው ግን ሁለት ነው። ባለሁለቱን ስልክሽ ላይ ብትሰኪው ስልኩ ምንም ሳይነግርሽ በራሱ ማይክሮፎን መቅዳቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ከልምምዱ ሁሉ በኋላ ድምፁ ከሩቅ የመጣ ሲመስልሽ ትደነግጫለሽ። ስልክሽ ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ በዩኤስቢ ሲ የሚገባውን ፈልጊ። ማይክሮፎኑ ላይ የሚለበስ ጸጉራም የነፋስ መከላከያም አትርሺ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስትቀጂ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፤ በመሃል የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ያቋርጣል። ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በትንሹ ወደ ጎን ይሁን፤ እንደ ጥ፣ ጭ እና ቅ ያሉት ድምፆቻችን ፈንድተው ሲወጡ መተግበሪያው ላይ የሚታየውን የድምፅ ልኬት በድንገት ያዘልሉታልና። የልኬቱ ከፍታ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢውል ለድንገተኛው ጩኸት ቦታ ይተርፍሻል። መቅጃ መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፎርማት በ48 ኪሎኸርዝ ቅጂ። ቃለ ምልልሱ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ቅጂ፤ ስትቆርጪ የሚፈጠረውን ክፍተት የምትሞይው በእርሱ ነው። የራስሽን ንባብ የምትቀጂበት ስቱዲዮ ከሌለሽ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንበሽ አንብቢ። ጨርቅ የግድግዳውን ማስተጋባት ስለሚውጠው፣ በባዶ ሳሎን ከተቀዳው ንባብ ይልቅ በጋቢ ሥር የተቀዳው ወደ ስቱዲዮ ይቀርባል። የቀዳሽውን ለባልደረባ በቴሌግራም ስትልኪ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል መልክ ላኪው፤ የድምፅ መልእክቱ ይጨመቃል።

ለማቀናበር ገንዘብ አታውጪ። ለድምፅ ኦዳሲቲ በነጻ ይገኛል፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው እትም ከሚያስፈልግሽ በላይ ነው፤ ኮምፒውተር ከሌለሽ በስልክ ካፕከት ይበቃሻል። ሶፍትዌሩን በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው፣ እኔም ዘለግ አድርጌ ልነግርሽ የምፈልገው፣ አማርኛን ለጆሮ መጻፍ ነው። የቋንቋችን ግስ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አንባቢ ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ቢጠፋበት ዓይኑን መልሶ ያነበዋል፤ ወጥ እያማሰለ ወይም ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ግን ግሱ እስኪመጣ ድረስ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ለማሳያ ያህል፣ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች በየቀኑ የሚደርሰንን ዓይነት ዐረፍተ ነገር እኔው ልጻፍልሽ፦ «የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ባለፉት ስድስት ወራት በተለያዩ ክፍለ ከተሞች የሚስተዋለውን የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት እጥረት ለመቅረፍ የሚያስችሉ ልዩ ልዩ ተግባራትን ሲያከናውን መቆየቱን ገለጸ።» ይህ እንዳለ ቢነበብ አድማጩ የሚይዘው «ገለጸ» የሚለውን ብቻ ነው። እስቲ ለጆሮ እናድርገው፦ «በከተማዋ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ የሚያገኙ ሰፈሮች አሉ። የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ችግሩን ለማቃለል ስድስት ወር ሠርቻለሁ ይላል። በእነዚህ ወራት የተቆፈሩት ጉድጓዶች ሦስት ናቸው፤ ውሃ መስጠት የጀመረው አንዱ ነው።»

የተለወጠው የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ብቻ አይደለም። የሁለቱ ቀንና የሦስቱ ጉድጓድ ቁጥር በመግለጫው ውስጥ የለም። ዐረፍተ ነገሩን ለማሳጠር ስትሞክሪ «ልዩ ልዩ ተግባራት» የሚለው ባዶ መሆኑ ስለሚገለጥብሽ፣ ስልክ አንሥተሽ «ስንት ጉድጓድ?» ብለሽ ለመጠየቅ፣ ቧንቧው ዘንድም ሄደሽ ለማየት ትገደጃለሽ። ለጆሮ መጻፍ የዘገባ ሥራ መጀመሪያ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ተናጋሪውን ከንግግሩ ፊት አስቀድሚ። በጋዜጣ «… ሲሉ አቶ እገሌ ተናገሩ» ብሎ መዝጋት ያስኬዳል፤ በሬዲዮ ግን አድማጩ የሰማው አስተያየት የራስሽ እየመሰለው ቆይቶ መጨረሻ ላይ የሌላ ሰው መሆኑን ይረዳል። ቁጥሮችን በፊደል ጻፊያቸው፤ 2,300,000,000 የሚል አኃዝ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ቀይ መብራቱ ሲበራ ዜሮ መቁጠር አይቻልም።

ከዚያ ደግሞ ፊደላችን የማያሳየው ጥብቀት አለ። «ችግር አለ አለ» የሚለውን እንይ። የመጀመሪያው «አለ» ጠብቆ መኖርን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ላልቶ መናገርን። «ገና» ላልቶ ጊዜ አለመድረሱን፣ ጠብቆ በዓሉን ይነግራል። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነው ቦታ። ለዓይን አንድ የሆኑት ቃላት ለጆሮ ሁለት ናቸውና፣ ጽሑፍሽን ከማንበብሽ በፊት እርሳስ ይዘሽ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጊ። የቆዩ አንባቢዎች ጽሑፋቸው ላይ ይህን ምልክት ሳያደርጉ ስቱዲዮ አይገቡም ነበር፤ ዛሬ ከስልክ ገጽ ላይ በቀጥታ የሚነበበው ዜና የሚሰነካከለው አንድም ይህ ልማድ ስለቀረ ነው። የአማርኛ ያልሆኑ የቦታና የሰው ስሞችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ለምሳሌ የኦሮምኛን ረጅም አናባቢ ፊደላችን ስለማያሳይ፣ የአካባቢውን ሰው ደውለሽ ስሙን በራሱ አፍ አስጠሪው።

ድምፅና ቃል ብቻቸውን ምን ያህል ሥዕል እንደሚሠሩ ለመረዳት ታላላቆችን አዳምጪ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የሴካፋን የእግር ኳስ ዋንጫ ስታነሣ የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ያስተላለፈውን የሰማ ሰው፣ ሜዳውን ዛሬም በዓይኑ ያየዋል። ቅጂው ሲገኝ ደጋግመሽ ስሚው፤ መቼ እንደሚፈጥን፣ መቼ ዝም ብሎ ሕዝቡን እንደሚያሰማ ልብ በዪ።

ስለ ምስል የምልሽ ጥቂት ነው። ስልክሽን አግድም ያዢው፣ ብርሃኑ ከተናጋሪው ፊት እንጂ ከኋላው አይሁን፣ አንድን ሥዕል ሳትንቀሳቀሺ አሥር ሰከንድ ያዢ። አንድ ነገር ግን ብዙዎች ስለማያውቁት በደንብ ልብ በይው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ አብዛኛው ስልክ ግን ሲሸጥ በሰከንድ 30 ፍሬም እንዲቀርጽ ተደርጎ ነው። በዚህ ምክንያት በቢሮና በሆስፒታል ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ሥር የተቀረጸ ምስል ይርገበገባል። መተግበሪያሽ የሚፈቅድ ከሆነ ፍሬሙን 25፣ የመዝጊያውን (ሻተር) ፍጥነት አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ አድርጊው፤ መርገብገቡ ይጠፋል። ለቴሌቪዥን ጣቢያ ስትልኪም የሚፈለገው 25ቱ ነው።

አሁን ወደ ማጣራት ልለፍ፤ በዚህ ላይ ልቤ ይጨነቃል። «ዛሬ እንዲህ ባለ ቦታ የደረሰ ጎርፍ» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም ቢደርስሽ፣ ከማጋራትሽ በፊት ድምፁን አጥፍተሽ አንድ ጊዜ፣ ምስሉን ሸፍነሽ ድምፁን ብቻ ሌላ ጊዜ ተከታተይው። በምስሉ ውስጥ የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ የጥላው አቅጣጫ፣ የሰዎቹ አለባበስ አለ፤ በድምፁ ውስጥ ደግሞ የሰዎቹ ዘዬ፣ አዛን ወይም ደወል ሊኖር ይችላል። ከዚያ ግልጽ የሆነውን ፍሬም ቀድተሽ በምስል በሚፈልጉት በጎግል ሌንስና በቲንአይ ፈልጊው፤ የቆየ ምስል አዲስ ስም ተሰጥቶት ሲዞር የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያ ቦታ የሚኖርና በስልክ የምታውቂው ሰው ነው። ዛሬውኑ ደብተር አውጪና በየወረዳው የምታውቂያቸውን መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ ስምና ቁጥር መመዝገብ ጀምሪ።

የእኛ አገር ጋዜጠኛ ብቻ የሚወድቅበት አንድ ወጥመድም አለ፤ ሰዓትና ቀን። የውጭ ዜና ወኪል በግሪንዊች አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ብሎ የጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ 3 ትደምሪያለሽ፣ ቀጥሎ ወደ እኛ አቆጣጠር ትመልሽዋለሽ። በግሪንዊች ሰኞ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር፣ እኛ ዘንድ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይባላል። ዓመቱም ቢሆን ሁልጊዜ ስምንት አይቀነስለትም፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው። የአንድን ሰው ዕድሜ ወይም አንድ ሕግ የወጣበትን ዓመት በዚህ ስሌት ሲያሳስቱ ብዙ ዘገባዎች አርሜአለሁ።

ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጠየቅሽ አይቀርምና አስቀድሜ ልበል። የእንግሊዝኛ ሰነድ ለማንበብ እንዲያግዝሽ መጠቀም ጥፋት የለበትም፤ የጠቀስሽውን ቦታ ግን ከሰነዱ ራስሽ አንብቢ። የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት መሣሪያዎች ስምና ቁጥር ላይ ይሳሳታሉ፤ ረቂቅ ያወጡልሻል እንጂ ጥቅስ አይሰጡሽም። ስሙ እንዲጠበቅ ቃል የገባሽለትን ሰው ቅጂ ደግሞ እንዲህ ባለ መሣሪያ ውስጥ በፍጹም አታስገቢ።

ምንጭን መጠበቅ ከቴክኒክ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከሳዑዲ ወይም ከሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት ያለች እህት የደረሰባትን በኢሞ ወይም በቴሌግራም በድምፅ ልካ ልትነግርሽ ትችላለች፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጀማሪ ጋዜጠኛ ድምፁን አቅጥኖ ወይም አወፍሮ ያስተላልፈዋል። እንዲህ የተለወጠ ድምፅ ግን በዚያው ሶፍትዌር ወደ ነበረበት ሊመለስ ስለሚችል፣ ዘዬዋና የምታዘወትረው አነጋገርም ስለማይለወጥ፣ አሠሪዋ ወይም ደላላው ሊለያት ይችላል። ቃሏን በሌላ ሴት ድምፅ አስነብቢ፣ ይህን ማድረግሽንም ለአድማጭ ተናገሪ፤ የላከችልሽ ፎቶ ካለም የተነሣበትን ቦታ በውስጡ መዝግቦ ሊሆን ስለሚችል እንዳለ አታስተላልፊው።

ሕጉን በራስሽ ዓይን አንብቢ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱን ያከብዳል። የግል ገጽሽ እያደገ በሄደ መጠን ሳታጣሪ ማጋራት የሚያስከትልብሽ ተጠያቂነትም ይጨምራል ማለት ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋም መሥራት ልመጂ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ሁሉን ነገር በኢንተርኔት ማከማቻ (ክላውድ) ላይ ያስቀመጠ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሥራሽ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤትሽ ውጭ ይኑር። የፋይሉን ስም በቀን፣ በቦታና በተናጋሪ ሰይሚው፤ «አዲስ ቅጂ 14» የሚል ፋይል ከወር በኋላ ለአንቺም አይገባሽም። መብራት ለሚጠፋበት ቀን የሚያቆይ ፓወር ባንክም ከመጀመሪያዎቹ ግዢዎችሽ አንዱ ይሁን።

የቀረውን ገንዘብ ለትራንስፖርት አስቀምጪው። ጣቢያዎች ሲቀጥሩ ከዲግሪሽ ይልቅ የሚያሳምናቸው የሠራሽው ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እያንዳንዳቸው ከሦስት ደቂቃ የማይበልጡ ሦስት የሬዲዮ ዘገባዎች ሥሪ። የመጀመሪያው ከቤትሽ በእግር በሚደረስ ቦታ ይሁን። ለምሳሌ በገበያ ቀን ማለዳ፣ ሻጮቹ ዕቃቸውን ሳይዘረጉ ድረሽ፤ ሰላምታውን፣ የሚወርደውን ጆንያ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ክርክር ቅጂ፣ ከዚያም አንዲትን ሻጭ ብቻ መርጠሽ ከየት ተነሥታ፣ ስንት ሰዓት ተጉዛ፣ ስንት ብር ይዛ እንደምትመለስ ጠይቂያት። ሲያልቅ ማታ ቤተሰብሽ እራት ላይ ሳሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ አጫውችው፤ አንቺም ፊታቸውን እዪ፣ ማውራት የጀመሩበትን ሰከንድ ጻፊና ከዚያ በፊት ያለውን ደግመሽ ቁረጪ።